የአያቴ ምንሽር የት ገባ?

ደብረ ታቦር ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ያልገባኝ ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ባለቤቴ «አንተን መርማሪ ማድረግ ነበር» ትለኛለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ ብረት መፈለጊያ ማሽን አመጣልኝ። ወርቅ አገኝበታለሁ ብሎ ገዝቶ፣ ከሚስማርና ከቆርቆሮ ቁራጭ በቀር ምንም ሳያይበት ማሽኑ ዝም ብሎበታል። የተቃጠለች አንዲት ሽቦ ነበረች፤ ቀየርኳት። «ሞክረህ መልስልኝ» አለ። የት እንደምሞክረው ለማሰብ ደቂቃም አልፈጀብኝ።

በደርግ ጊዜ መሣሪያ ሊሰበሰብ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ፣ አያቴ ምንሽር ጠመንጃቸውን ደበቁ። የት እንደሆነ ለማንም ሳይናገሩ በድንገት ሞቱ። በእኛ አገር እንደ እሳቸው ያለ ሰው ሲሞት ጠመንጃው ለቅሶው መሀል ይወጣል፤ አልቃሽ ይዛው ሟቹን ታሞግሳለች። የአያቴ ለቅሶ ግን ያለ ጠመንጃ ዋለ። ያኔ አብሯቸው ይኖር የነበረው አባቴ ብቻ ነበር። ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ በለቀስተኛው ፊት «ለብቻው ሊያስቀረው ደብቆታል» አሉት። አገሬው ቤቱንና በረቱን ቢቆፍርም ጠመንጃው አልተገኘም። አባቴ ቀዬውን ለቆ ከተማ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም የሚተያዩት ቀብር ላይ ነው። ልጁ ስለሆንኩ አምነዋለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ አንዳንዴ እጠራጠርም ነበር። ያሳፍረኛል።

የአያቴ ማሳ ከጉና ሥር ነው፤ አሁን አክስቴ ገብስና ድንች ያስዘሩበታል። ማሽኑን ሲያዩ ሳቁ። «አባቱ የደበቀውን ልጁ ሊያገኘው!» ብለው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ጀመር።

ማሽኑ በጮኸ ቁጥር እቆፍራለሁ። የተሰበረ የማረሻ ጫፍ፣ የበቅሎ ልጓም ቁራጭ፣ ከዚያ የጥይት ቀለህ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት። ማን ተኮሰው? በማን ላይ? የተቀረጸበትን ቁጥር በአጉሊ መነጽር ሳይ ምሳ እንኳ ረሳሁ። የወታደር ቀበቶ ዘለበትም አገኘሁ። የማን ወታደር ይሆን እያልኩ እያገላበጥኩ ኪሴ ከተትኩት። በረቱን፣ አውድማውን፣ ጓሮውን ሁሉ ዞርኩ፤ ምንሽር ግን የለም።

ተስፋ ቆርጬ ላጠፋው ስል የወሰኑ ድንጋይ ላይ ጮኸ፤ ረጅም፣ የማይቋረጥ ጩኸት። አክስቴ ብድግ አሉ።

«እሱን ተወው! ወሰን አይነካም!»

ያኔ ገባኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ቤቱንም በረቱንም የቆፈሩት ሰዎች እዚህ ያልደረሱት ለዚህ ነው። ድንበር ገፋህ ተብሎ ደም በሚፈስበት አገር የወሰን ድንጋይ ማን ያነሣል? አያቴ ይህን ያውቁ ነበር።

ድንበርተኛው አዛውንት ተጠሩ። ነገሩን ሰምተው መጀመሪያ በድንጋዩ ዙሪያ አራት ችካል ተከሉ። «ድንጋዩ እዚሁ ይመለሳል፤ ከችካሉ ስንዝር እንዳታልፍ» አሉኝ። ከዚያ ድንጋዩን አነሣን። ክንድ ያህል ስቆፍር በበሰበሰ ቆዳ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። እንጨቱ አፈር ሆኗል፤ አፈሙዙና ቃታው ግን አሉ።

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን ድንጋይ ጎርፍ አነቃነቀው ብለው፣ እኔን አስፈቅደው የተከሉት አያትህ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም፤ ልንካው የሚል ቢኖር እኔ ዝም እል ነበር?»

አክስቴ ጠመንጃውን አልነኩትም፤ አዩት ብቻ። እኔ ለአባቴ ደወልኩ።

«ተገኘ» አልኩት።

«እሷ አይታዋለች?» አለ።

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ለአክስቴ ሰጠኋቸው። ይቅርታ ይጠይቁታል ብዬ ስጠብቅ ተቆጡ፤ እንባ ግን ድምፃቸውን ቆራርጦታል።

«ንጹሕ ከሆንህ ለምን አልፈለግኸውም? አገር ሲቆፍር አንተ አንድ ቀን ዶማ አላነሣህም!»

«እትዬ» አለ አባቴ፣ «ፈልጌ ባገኘው ኖሮ፣ ‹የደበቀበትን ያውቅ ነበር› አትዪም ነበር?»

አክስቴ ስልኩን እንደያዙ የተቆፈረው አፈር ላይ ቁጭ አሉ።

«እል ነበር» አሉ።