ነጭ ጨርቅ ከየሻረግ መጋዘን

የየሻረግ ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ መጋዘን መጥበቡን፣ የሰው ዕቃ ወደ ውጭ ከመጣሉ በፊት፣ ለባለዕቃዎቹ እንዴት መንገር ይቻላል? ይህን መጠየቅ የጀመረችው አንድ የሰኔ ማለዳ፣ ምህረቴ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከጆንያቸው እፍኝ ገብስ ዘግነው መዳፋቸውን ሲያሳዩዋት ነው። ገብሱ በቅሏል። ነጭ ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ተያይዟል።

«ዘሬ እኮ ነው» አሉ። «የሻረግ፣ ዘሬን ዝናብ ላይ?»



የሻረግ በ1950ዎቹ ዳንግላ ውስጥ ከሟች ባሏ የቀረላትን የቆርቆሮ መጋዘን የምታከራይ ሴት ነበረች። ምህረቴ ቤታቸው በበጋ ስለተቃጠለ ዘራቸውን እሷ ዘንድ አኑረዋል። እሷ ደግሞ ደጇ የደረሰ ጭነት መመለስ ነውር መስሎ ስለሚታያት መልሳ አታውቅም። መጋዘኑ ሞልቶ ሳለ አንድ ጋሪ ኑግ ሲመጣባት፣ ብዙ ስፍራ የያዘውን ጭነት ግቢ አስወጣችው። የማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ቁርበት ብታለብሰውም ዝናቡ ለቀናት ሳያባራ ቀረ።

የምህረቴ ወንድም የመጨረሻ ዘሩን አካፈላቸው። ያንንም ዘር፣ ሌላ ደረቅ ስፍራ የላቸውምና፣ እዚያው መጋዘን አስገቡት። ይህኛው ከበሰበሰ የዚያ ዓመት እርሻ የለም።

የየሻረግ የመጀመሪያ ሐሳብ ሙላቱን መለካት ነበር። ግድግዳው ላይ በከሰል አሰመረች፤ ጆንያው መስመሩን ከነካ ጠበበ ማለት ነው። ግን መስመሩ ታልፎም ጋሪዎች ያለ ችግር ሲገቡና ሲወጡ ዋሉ። የሞላ መጋዘን እኮ ሥራውን እየሠራ ያለ መጋዘን ነው! በሌላ ቀን ግን ሙላቱ ያው ሆኖ፣ ተሸካሚዎቹ አንድ ጆንያ ከሥር ለማውጣት የላዩን ሁሉ ሲያወርዱና መልሰው ሲከምሩ መሸ። ላብ በላብ ሆኑ፤ አንድም ጋሪ አልተንቀሳቀሰም።

ስለዚህ ዓይኗን ከግድግዳው አንሥታ ወደ በሩ፣ ወደ ፈረሶቹ አዞረች። ቶሎ እሄዳለሁ ብሎ የሚያስብ ባለጋሪ ፈረሱን አይፈታም። ፈትቶ ሣር ከሰጠው ግን ተስፋ ቆርጧል። ጥቂቶቹ ሲፈቱ ጭንቁ ጀምሯል፤ ሁሉም ሲፈቱ መጋዘኑ ታንቋል። መለካት ያለበት ሙላቱ ሳይሆን ባለጋሪዎቹ ቆመው የሚጠብቁበት ጊዜ ነው!

ዛሬ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ አይርቅም። ማሽኑን የሚመራው ስርዓተ ክወና፣ ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን ስፍራ፣ ማለትም ሜሞሪ፣ አጥተው ቆመው የሚጠብቁበትን ጊዜ ይለካል። ይህ ጊዜ ሲበዛ «የማያስፈልጋችሁን ልቀቁ» የሚል ምልክት ይሰጣቸዋል። ሰሚ ካጣ አንዱን ፕሮግራም ይገድላል፣ ማለትም በግድ ዘግቶ ያስወጣዋል፤ ብዙ ጊዜ ትልቁን ስፍራ የያዘውን፣ ልክ እንደ ምህረቴ ገብስ።

የሻረግም ምልክት አበጀች። ጥቂት ፈረሶች ሲፈቱ ጣሪያው ላይ ነጭ ጨርቅ ሰቀለች፤ «ጠቧል፤ ባዶ ጆንያና የማያስቸኩል ዕቃ ያላችሁ አውጡ» ማለት እንደሆነ ለገበያው አስነገረች። ከዚያ ያየችው ነገር በር ላይ አደረቃት። ገበያው ጭነቱን ይዞ ወደ እሷ ይሮጣል!

«ሳይዘጋ እንግባ!»

ደጉ የሚባል ባለጋሪ ከት ብሎ ሳቀ። «እትዬ የሻረግ፣ ጠበበ ብለው ሠርግ ጠሩ!»

«ሳቅ አንተ! ፈረስህን ብቻ እንዳትፈታ።»

ምህረቴ ሮጠው ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። «የሚጣል ካለ ከነእኔ ጣይው!»

«ኧረ አይጣልም፣ አባቴ» አለች የሻረግ።

ስህተቷ ያኔ ገባት። የነገረችው ቦታ ለሚፈልገው ሁሉ ነው፤ መስማት የነበረበት ግን ቦታ የያዘው ነው።

ጨርቁን አወረደችና ቀደደችው። አሁን ቁራጩን የደጉ ፈረስ አንገት ላይ እያሰረች ነው። ደጉ በገበያው ሳይሆን፣ ዕቃቸው መጋዘኑ ውስጥ ባለ ሰዎች ደጅ ብቻ ያልፋል።

«ከማን ልጀምር?»

«ያን ጊዜ ገብሱን ካስወጣው ከባለኑጉ» አለች፣ ወደ ጠቆረው ሰማይ እያየች። «ቶሎ በል።»