ቲቸር መሰረት ድንበር የከፈቱ ሰሞን

ቲቸር መሰረት ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በሸምበቆ ዘንግ ዓለምን ሲያዞሩ ኖረዋል። የአሰላ ልጅ ዳኑብንና አማዞንን ያወቀው ከእሳቸው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። እሳቸው ግን አንድም ድንበር ተሻግረው አያውቁም። ከመንዝ ለሁለት ዓመት ተመድበው መጡ፤ የጭላሎ ተራራ ጉሙን ሲለብስና ሲያወልቅ ሲያዩ፣ ስንዴው በነፋስ ሲያረግድ ሲሰሙ፣ ሁለቱ ዓመት ሳይነግራቸው ጡረታ ሆነ። ፓስፖርት አላወጡም። ልባቸው ብቻ እንደ ርግብ በየውቅያኖሱ ላይ ስትከንፍ ኖረች። ልብስ ሲያሰጡ እንዲህ እያሉ ያንጎራጉራሉ፦

ወንዙ ተሻገረ፣ ደመናው ተጓዘ፣
እኔን ብቻ ነው ወይ አሰላ የያዘ?

ባለፈው ኅዳር ታዲያ ወላጆች በእድር ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ «የለሊሳ ጌም ቤት ልጆቻችንን ጦርነት እያስተማረ ነው፤ ይዘጋ!» አሉ። ለሊሳ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ፍለጋ ሲዞር ሲዞር የታከተው ወጣት ነው። በመጨረሻ አምስት አሮጌ ኮምፒውተር ደርድሮ ተቀመጠ። ሌላ እንጀራ የለውም። እድሩ ሦስት ሽማግሌ መረጠ፤ ቲቸር መሰረትን፣ ከሳጉሬ ስንዴ እያመጡ የሚነግዱትን ኦቦ ከዲሮን፣ አቶ ገብረ ማርያምን። አቶ ገብረ ማርያም ወዲያው ለመኸር ወደ ጮሌ ወረዳ ሄዱና፣ «ሁለታችሁ የተስማማችሁበት ላይ እኔም አለሁበት» ብለው ላኩ። የለሊሳ ነገር በሁለቱ ሰዎች እጅ ቀረ።

«ሳላይ አልፈርድም» አሉ ቲቸር መሰረት፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ጌም ቤት ገቡ። ለሊሳ አገር የሚመራበትን ጨዋታ ከፈተላቸው። የዓለም ካርታ በቀለም ሲያበራ እጃቸው ዘንግ ፈለገ።

«አረንጓዴው የእርስዎ አገር ነው ቲቸር። ለዋና ከተማው ስም ይስጡት።»

«ጭላሎ በለው። ይሄ ቀዩስ?»

«ጎረቤት ነው። ንጉሡ ራሱ ኮምፒውተሩ ነው።»

«መልካም፣ መጀመሪያ ጤናውን ልጠይቀው። የቱ ጋ ነው የሚጫነው?»

«ጤና መጠየቂያ የለውም።»

«እንዴት የለውም? ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሳልጠይቅ ዘው ብዬ ጉዳይ ልጀምር?»

«ንግድ፣ ስጦታ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ጦርነት። ያለው ይኸው ነው።»

«ሽማግሌ መላኪያስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ ሲጣሉ በምን ሊታረቁ ነው? ጉድ ነው!» ከዚያ ከንጉሡ ምስል ሥር የተጻፈውን ቁጥር አዩ። «ይሄ ሲቀነስ አሥራ ሁለት ምንድን ነው?»

«እርስዎን የሚወድበት መጠን ነው።»

«ግንባሩ ላይ ጽፎ? አሰላ ውስጥ እንዲህ ቢጻፍ ማን ከማን ጋር ለቅሶ ይቀመጣል?»

አንድ ጭነት ስንዴ ቢልኩለት ቁጥሩ ወደ ሲደመር ሦስት ዘለለ። «በአንድ ጭነት! ርካሽ ነው እባክህ፤ ይሄ ንጉሥ አይደለም» ብለው ናቁት።

ሳምንቱ አለቀ፤ ፍርድ የለም። «ምርመራው ጥልቀት ይፈልጋል» አሉ። ሁለተኛውም አለቀ። በሦስተኛው ኦቦ ከዲሮ ሊያጣድፏቸው መጡ።

«ቲቸር፣ ፍርዱ ከምን ደረሰ?»

«ቆይ እስቲ ኦቦ ከዲሮ፣ ወደብ እየሠራሁ ነው።»

«ያ ረቢ! አሰላ ላይ ወደብ!» ብለው ለማየት ጎንበስ አሉ፤ ጎንበስ እንዳሉ ወንበር ሳቡ። በሦስተኛው ቀን ቡናማ ቀለም ያለው ጎረቤት አገር ንጉሥ ሆነው ከአጠገባቸው ተቀምጠዋል።

አንድ ረፋድ ላይ በቲቸር መሰረት ኮምፒውተር ላይ መልእክት ብቅ አለ። ለሊሳ አነበበላቸው፦ «ኦቦ ከዲሮ ድንበር ይከፈትልኝ ይላሉ።»

ውጭ ኮምባይነሩ ማሳውን አጭዶ ካለፈ ሰንብቷል። በአርሲ ምድር አዝመራ ከገባ በኋላ የጎረቤትን ከብት ከቃርሚያ መከልከል ነውር ነው። ቲቸር መሰረትም ያን ነው ያሰቡት።

«ይሄማ ምን ይጠየቃል! ይግቡ፣ ይጋጡ!» ብለው ተጫኑት።

የገባው ከብት አልነበረም፤ ታንክ ነበር። ምሳ ሳይደርስ ጭላሎ ከተማ ቡናማ ሆነች።

«ኦቦ ከዲሮ! ለቃርሚያ ብዬ እኮ ነው የከፈትኩት!»

«ጌም ነው እኮ ቲቸር» አሉ ኦቦ ከዲሮ፣ ሳቃቸው አላስቀምጥ ብሏቸው፤ «ከብቶቼ ናቸው፤ ብርዱን ፈርተው ትንሽ ብረት ደርበው ነው።»

ቲቸር መሰረት ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። በማግስቱ ኦቦ ከዲሮ መንገድ ላይ ሰላም ቢሏቸው ተራራውን አዩ። ከአጥራቸው ውስጥ ግን ይህ ይሰማ ጀመር፦

ቃርሚያ ይብላ ብዬ ብከፍትለት በሬን፣
ጠግቦ መች ተመለሰ፣ ነዳብኝ አገሬን።

በሬው የደጅ ይሁን የእርሻ፣ የሰማ ይፍታው።

ነገሩ በግጥም አላበቃም። «ወስኛለሁ» ብለው ለእድሩ ላኩ፤ «ደጉን ከዲሮን ከሃዲ ያደረገ ቤት ነው፤ ከሃዲ ደግሞ አይፈርድም፤ እሁድ ይዘጋል።»

ለሊሳ ወደ ኦቦ ከዲሮ በረረ። «ኦቦ፣ እርስዎ የያዙት ከተማ እኔን ጎዳና ሊያወጣኝ ነው!»

«ታዲያ እመልስላቸዋለሁ። የቱን ልጫን?»

«የሚጫን የለውም። የይቅርታ ሣር ይዘን እንሂድ።»

ተከሳሹ ዳኞቹን ሊያስታርቅ ተነሳ እንግዲህ። ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ከዲሮ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ለምለም ሣር በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከቲቸር መሰረት ደጅ ቆሙ። ሣር የያዘን ሰው ማን ይመልሳል? ቲቸር መሰረት ፊታቸውን እንዳጨፈገጉ ወጡ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ቲቸር። ጭላሎን እመልሳለሁ።»

«ካሳስ?»

«ሁለት ጭነት የብረት ማዕድን።»

«ሦስት! ያፈረሱትንም ወደብ ይሠራሉ።»

«ጌሙ ላይ ካሳ የሚባል ነገር የለም…» አለ ለሊሳ ቀስ ብሎ።

«ስጦታ በሚለው እንልከዋለን!» ሁለቱም ባንድ አፍ ጮሁበት።

ቲቸር መሰረት ያኔ ነው ልጁን ልብ ብለው ያዩት። ሣሩን ሲያጭድ ጣቱን ቆርጦት ኖሮ በወረቀት ጠቅልሎታል። ንጉሥ ሆነው ሲቆጡ፣ ይህ ልጅ ከካርታቸው ላይ ጠፍቶባቸው ነበር። ሣሩን ከኦቦ ከዲሮ እጅ ተቀበሉና፣ «ግባ፣ ጣትህ ይታጠብ» አሉት።

እሁድ ዕለት በእድሩ ፊት ቆመው ፍርዱን አነበቡ፦ «ጌም ቤቱ ጦርነት ያስተምራል የተባለው እውነት ነው። እርቅ አያስተምርም፤ እሱ የእኛ ሥራ ነው። ስለዚህ ይቀጥል። ነገር ግን ከተማ የወሰደና ከተማ የተወሰደበት ሳይጨባበጡ ከበሩ እንዳይወጡ።»

ለሊሳ ከኋላ ወንበር ላይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

አንዲት እናት ተነሱ። «መልካም፤ ግን ይህን ለማለት አምስት ሳምንት ፈጀ?»

ቲቸር መሰረት ኦቦ ከዲሮን አዩ። ኦቦ ከዲሮ ጣሪያውን አዩ።

«ምን እናድርግ እመቤቴ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ «መሃል ላይ ወረራ ገጠመን።»