እናቴ የህንድ እናት የሆነች ጊዜ

ገና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በስደት ፈረንጅ አገር፣ ስካርቦሮ የምንኖርበት አፓርታማ ውስጥ እያንዳንዱ ፎቅ የራሱ ሽታ ነበረው። የእኛ ፎቅ ጠዋት ጠዋት የተቆላ ከሙን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የዘይት ቀለም ይሸታል። ሁለቱም ሽታ የሚወጣው ከአንድ ቤት ነው፤ ከፊት ለፊታችን ከሚኖሩት ህንዳውያን ባልና ሚስት ቤት። ባልየው አዛውንት ሠዓሊ ነበሩ። እንደ ህንዶቹ ልጆች እሳቸውን አንክል ሞሃን፣ ባለቤታቸውን አንቲ ሺላ እላቸው ነበር።

አባቴ ያን ጊዜ ካርቱም ነበር፤ እናቴ እሱን ለማስመጣት የጀመረችው የስፖንሰር ጉዳይ እስኪያልቅ ይጠብቃል። እናቴ ቀን ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፣ አመሻሽ ላይ ቢሮ ታጸዳለች። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ከፍተው የሚያስገቡኝ አንቲ ሺላ ነበሩ። ቤታችን ስጋት አያጣውም ነበር። ስልክ ሲጮህ እናቴ ከማንሳቷ በፊት እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። እኔም ከሷ ተጋብቶብኝ ነው መሰለኝ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጬ መጋረጃ ኋላ እደበቅ ነበር።

የዚያን ዓመት የህንዶቹ ማኅበር ለነፃነት በዓል አዳራሽ ውስጥ የሚሰቀል፣ አገራቸውን በእናት መልክ የሚያሳይ ሥዕል እንዲሥሉ አንክል ሞሃንን ጠየቃቸው። ሳምንታት አለፉ፤ ሸራው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሲጨንቃቸው ለእኔ ያወሩ ነበር። አገራቸው ከእንግሊዝ ነፃ ስትወጣ እሳቸው የሥዕል ተማሪ ነበሩ። መምህሮቻቸው ያስተማሯቸው ፍራፍሬና ማሰሮ እንደ ፈረንጅ አድርጎ መሣል ነው። ነፃነት ሲመጣ ታዲያ ወጣቶቹ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው መከራከር ሆነ ሥራቸው፤ አንዱ በነገሥታቱ ዘመን ወደነበሩት ጥቃቅን ሥዕሎች እንመለስ ይላል፣ አንዱ ፓሪስ ሄደን አዲሱን አሣሣል እንማር ይላል፣ ሌላው አማልክቱ ከሌሉበት ምኑን ህንድ ሆነ ይላል። ባንዲራው ተሰቅሏል፤ የአገሪቱ መልክ ግን ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም። አንክል ሞሃን ግድብ ወደሚሠራበት ቦታ ሄደው ሳለ ድንጋይ አናቷ ላይ የተሸከመች ሴት አዩ። ሸክሟን አውርዳ ቁጭ ስትል፣ በቃ አገሬ ይህቺ ናት አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን እንደዚያች ሴት የምትቀመጥ አላገኘሁም ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ልትወስደኝ መጥታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። አንክል ሞሃን ብሩሻቸውን አስቀምጠው ያዩዋት ጀመር። በማግሥቱ አንቲ ሺላ ቤታችን መጥተው ለሥዕሉ እንድትቀመጥላቸው ጠየቋት። እኔ አስተረጎምኩ።

«እኔን? ምን ሲሉ?» አለች እናቴ በድንጋጤ።

እምቢ ማለት አልቻለችም። ልጇን በነፃ የሚጠብቁላት ሰዎች ናቸው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንቲ ሺላ ነጭ ሳሪያቸውን ያለብሷታል፣ እሷም ትቀመጣለች። ብዙውን ጊዜ እዚያው እንቅልፍ ይወስዳታል፤ አንክል ሞሃንም አይቀሰቅሷትም። ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩት የአገራችን ሰው እትዬ ዘነበች ግን ያስፈሯት ነበር። ወንድማቸው ካርቱም ከአባቴ ጋር አንድ ክፍል ነበር የሚኖረው፤ እትዬ ዘነበች የሰሙት ነገር ደግሞ ሳይውል ሳያድር እዚያ ይደርሳል።

«ባሏን በረሃ ጥላ ሰው ቤት ተቀምጣ ትሣላለች ቢሉኝ ምን ይውጠኛል? ለማንም እንዳትተነፍሺ!» ትለኛለች። እኔም አሳንሰር ውስጥ እትዬ ዘነበችን ባገኘኋቸው ቁጥር አፌ ራሱ የሚያወራብኝ እየመሰለኝ ከንፈሬን እነክስ ነበር።

በዓሉ ደረሰና አንቲ ሺላ እኛንም ይዘውን ሄዱ። መጋረጃው ሲነሳ አዳራሹ አጨበጨበ። ሥዕሉ ላይ እናቴ ነጭ ሳሪ ለብሳ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጥላ፣ ጡብ ላይ ተቀምጣለች። ከኋላችን አንዱ የፑንጃብ ሴት ናት አለ፤ ሌላው የለም የኬረላ ናት፣ አክስቴን ቁርጥ አለ። እኔ በኩራትና በፍርሃት መሀል ሆኜ የእናቴን እጅ ጨብጫለሁ። ከዚያ አንዲት ሴት ዞር አለች። እናቴን አየች፣ ሥዕሉን አየች፣ ከጎኗ ላለችው አንሾካሾከች።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ አንክል ሞሃን ቀረበ። «ሴትየዋ ህንድ ናት?»

«ጎረቤቴ ናት። ኢትዮጵያዊት ናት።»

«እኛ የጠየቅንህ የራሳችንን እናት ነው! የሰው አገር ስደተኛ ታመጣብናለህ?»

እናቴ እንግሊዝኛው ባይገባትም ፊቱ ገብቷት ልትነሳ ስትል፣ አንክል ሞሃን በእጃቸው ቁጭ በይ አሏት። ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረው፣ «አገራችንን የገነቡት ሴቶች ሲደክማቸው እንዲህ ነበር የሚቀመጡት» አሉት። «አንተ አላየሃቸውም። እኔ አይቻቸዋለሁ።»

ሥዕሉ ከግድግዳው ወረደ። በአንሶላ ጠቅልለነው በአውቶቡስ ወደ ቤት ተመለስን። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ አሳንሰሩ በር ላይ የቆሙት እትዬ ዘነበች ነበሩ። ምንድን ነው ሲሉ አንቲ ሺላ ምኑንም ሳያውቁ አንሶላውን ገለጡላቸው።

«ውይ! ጥሩወርቅ! አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉ አፋቸውን ይዘው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። አባቴ በደወለ ቁጥር እናቴ አሁን ያነሳዋል ብላ ትጠብቃለች። እሱ ግን ስለ ጤናዋና ስለ ትምህርቴ ጠይቆ ይዘጋል። ስለ ሥዕሉ አለማንሳቱ ጭራሽ ባሰባት።

በረዶው ከቀለጠ በኋላ አባቴ መጣ። ገና እራቱን ሳይጨርስ እናቴ አላስችል አላትና ሁሉንም ዘረገፈችው።

«ሰምቻለሁ፤ ከሰማሁ ቆየሁ» አላት። «የታል ሥዕሉ?»

ሦስታችንም ወደ ፊት ለፊት ቤት ገባን። አባቴ ሥዕሉ ፊት ቆመ። እናቴ ካርቱም ትልክለት የነበረው ፎቶ ሁሉ በሰው ኮት፣ ከአበባ አጠገብ፣ እየሳቀች የተነሳችው ነበር። ተቆጥቷል ብዬ ፊቱን ሽቅብ ሳይ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ይህን ያህል ከስተሽ ነበር?» አላት።

አንክል ሞሃን ይህን አይተው ሥዕሉን ውሰዱት አሉን። እናቴ ግን፣ «የእርስዎ አገር ናት፤ እርስዎ ጋ ትቀመጥ» በይልኝ አለችኝ።

አሁን አንክል ሞሃንም አንቲ ሺላም አባቴም በሕይወት የሉም። እኔ ያኔ እናቴ በነበረችበት ዕድሜ ላይ ነኝ። እዚያው ከተማ ኖርዝ ዮርክ፣ ፎቁ ምንም የማይሸት ኮንዶ ውስጥ እኖራለሁ፤ ከፊት ለፊቴ ያለውን ቤት የከፈተ ሰው አይቼ አላውቅም። መሥሪያ ቤታችን ሰው ሊቀንስ ነው መባል ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጄ «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» ስትለኝ «ኦኬ ነኝ» እላታለሁ፤ እሷም ወደ ስልኳ ትመለሳለች።

እናቴ በሌላው የከተማዋ ሰፈር፣ ኢስት ዮርክ ሆና በየማታው በቪዲዮ ትደውላለች። ትናንትም ደወለች። ሥራ እንዴት ነው አለችኝ፤ ደህና ነው አልኳት፣ መብራት ባላበራሁበት ሳሎን ፈገግ ብዬ። ወደ ስልኳ ጠጋ አለችና፣

«መብራቱን አብሪው እስቲ» አለች። «ፊትሽን ልየው።»