የወለተ ገብርኤል ቲኬት

መሸሻ ዓምሃ ሲቀበር የተነበበው የሕይወት ታሪክ «በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች በቅንነት አገልግለዋል» ብሎ አለፈው። ሰውየው ከአንዱ ወደ ሌላው ለምን እንደተገፋ አንድ ቃል የለበትም። አብሬው ስለነበርኩ ዝም ብዬ አላልፈውም።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ከዊንጌት ዝቅ ብሎ በነበረ የመንግሥት ልብስ መደብር እሱ የሽያጭ ኃላፊ፣ እኔ ዕቃ አውራጅ ነበርን። መጋዘኑ ገዢ ባጣ ብርድ ልብስ ተጨናንቆ ነበር። መሸሻ ዕጣ እናውጣ አለ። ብርድ ልብስ የገዛ ሁሉ ያለ ክፍያ ቲኬት ይሰጠዋል፤ አንደኛው ዕጣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቲኬቱን አሳትሞ ማደል ይጀምር ነበር። እሱ ግን አስቀድሞ ፈቃድ አወጣ፤ ደንቡን ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ በሩ ላይ ለጠፈ። ሽያጩ ሲያበቃ የተረፉትን ቲኬቶች በሕዝብ ፊት አቃጠለ። «ዕጣ አንዴ ከተጠረጠረ ብርድ ልብሱም አይሸጥም» ይለን ነበር።

ቲኬት የማደሉ ሥራ ለእኔ ደረሰ። በአርባ ሦስት ዓመቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ስለነበር መጻፍ እጄን ይበላኝ ነበር። ማንም ሳያዘኝ ቲኬቱ ሲቀደድ እኛ ዘንድ በሚቀረው ጉርድ ሁሉ ላይ የገዢውን ስም መጻፍ ጀመርኩ።

ዕጣው በወጣ ዕለት መኪናው ለሾዴ ቱሉ ደረሰ። ሾዴ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ እያወረደች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ቲኬቷን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠች። ሥራ አስኪያጁ ስለሺ ቲኬቱን ከጉርዱ፣ ጉርዱን ከቀበሌ መታወቂያዋ ጋር አስተያየና ሣቀ።

«እዚህ የተጻፈው ወለተ ገብርኤል ነው። አንቺ ሾዴ ነሽ።»

«የክርስትና ስሜ ነው ጌታዬ። ዕጣ የእግዜር ነው ብዬ እሱ የሚያውቀኝን ስም ሰጠሁ።»

«እንግዲያው መኪናውን ሰማይ ቤት ትረከቢያለሽ» አላት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፣ «ስሙ አይገጥምም፤ ዕጣው ይደገም» አለ።

የስለሺ ሚስት እህት ዐሥራ አምስት ብርድ ልብስ መግዛቷን ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም። ሾዴ እንጨት የቆራረጠውን እጇን አጣምራ ቆመች።

መሸሻ ስለሺን በሩ ላይ ወደተለጠፈው ደንብ ወሰደው። «አንብበው። ‹ዕጣው የወጣውን ቁጥር ለያዘ ይሰጣል› ይላል። ስም የሚል የት አለ?»

«ደንቡን እናሻሽለዋለን፣ ጓድ መሸሻ።»

«ዕጣው ከወጣ በኋላ?»

«አብዮቱ ሰዓት አይጠብቅም።»

«እንግዲያው አብዮቱ መጥቶ ይፈርምበት፤ እኔ አልፈርምም።»

እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ዘመን ሰው ያስበላ ነበር። የሰማው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። መሸሻ መኪናውን መጋዘን አስገብቶ ቆለፈ፤ የደንቡን ግልባጭ ይዞ ፈቃድ ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤት በእግሩ ሄደ። አራት ቀን ተመላለሰ። በአምስተኛው «ለቲኬቱ ባለቤት ይሰጥ» የሚል ደብዳቤ ይዞ መጣ። ሾዴ በአውራ ጣቷ ፈርማ ተረከበች፤ ሁለት ጎረቤቶቿ መኪናውን በሳንቃ ተሸክመው ዳገቱን ወጡ።

ወር ሳይሞላ መሸሻን አቃቂ ወደሚገኝ መጋዘን አዛወሩት። ምክንያቱን «ለሥራው ቅልጥፍና» ብለው ጻፉ። ተራ ሌብነትን የከለከለ ሰው ቅልጥፍና አጓድሎ ተገኘ።

ዕቃውን ሲሰበስብ አጠገቡ ቆሜ፣ «ጋሼ መሸሻ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ስም ባልጽፍ ኖሮ ሰበብ አያገኙም ነበር» አልኩት።

«ሞኝ አትሁን» አለኝ። «አንተ የነገረችህን ጻፍክ። ያጣመመው ያነበበው ነው።»