ጸሎት ያዋጣሁበት እሑድ

ጀውሃ ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ሽሮ ስበላ ያዙኝ። በዚያ ሳምንት በወረዳችን ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር፤ መልሱ ይህ መሆኑ ነው። ሽሮውን አለመጨረሴ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ሸዋ ሮቢት ወስደው አንድ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ሙቀቱ በር ላይ ተቀበለኝ። እስረኞቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው በካርቶን ያራግባሉ።

«ግባ ልጄ፣ ማኅበር ላይ ነን» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

እኚህ ሰው ቀወት ውስጥ የአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ታስረውም ሥልጣናቸውን አልለቀቁም። ክፍሉን የጽዋ ማኅበር አድርገውታል። ጽዋው የውሃ ፕላስቲክ ነው። እሑድ ጽዋውን የተረከበ፣ በሚቀጥለው እሑድ ከቤቱ በሚመጣለት ስንቅ ሁሉን ያበላል። አንድ የአጣዬ ሙስሊም ነጋዴ ሳይቀር «መዝሙሩን አልችልም፤ የምስር ሳንቡሳ ግን አለኝ» ብሎ ተራ ገብቷል።

ጽዋው እኔ ዘንድ ሲደርስ ጨነቀኝ። ቤተሰቤ ያለው ማጀቴ ከተማ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል። የሰው በልቶ ተራ ሲደርስ እጅን ማጠፍ ከምርመራው ይልቅ አስፈራኝ።

«ጋሼ፣ የማቀርበው የለኝም» አልኳቸው።

«በእኛ ደብር እህል ያለው እህል ያመጣል፣ ጉልበት ያለው ድንጋይ ይሸከማል። ሁለቱንም ያጣ ጸሎት ያዋጣል። ግን በጅምላ አይሆንም። የእያንዳንዱን ችግር ጠይቀህ ነው።»

እየዞርኩ ጠየቅሁ። አንዱ ለታመመች ላሙ፣ ነጋዴው ለመፈታቱ ጸልይልኝ አሉኝ። ቀትር ላይ በሩን ከፍቶ አየር የሚያስገባልን ጠባቂም ሰምቶ ኖሮ አንገቱን አስገባ።

«ለእኔም ዝውውር ጸልይልኝ። ደብረ ብርሃን ሄጄ ብርድ ይግደለኝ።»

እሑድ ቆምኩ። ከአባታችን ሆይ ሌላ የማውቀው ጸሎት የለም። የወረዳ ጸሐፊ ስለነበርኩ እንደ ማመልከቻ አደረግሁት፤ «ከላይ የተጠቀሰችው ላም ትድን ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን» እያልኩ። ከሁሉም ጮክ ብሎ አሚን ያለው ነጋዴው ነበር። ጠባቂው በሩ ላይ ቆቡን አውልቆ ቆመ። ስጨርስ ሊቀ መንበሩ ፕላስቲኩን ሰጡት።

«ከማኅበር የተቀበለ ይረከባል» አሉት።

ግራ ቀኙን አይቶ ኮቱ ውስጥ ከተተው።

በዚያው ሳምንት ዝውውሩ ደረሰለት። የተተካው ሰውዬ ቀትር ላይ በሩን አይከፍትም። ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ በእኔ ላይ ተነሣ።

«ለእኔ መፈታት ስትጸልይ ድምፅህ ዝግ ብሎብኝ ነበር» አለ ነጋዴው ላቡን እየጠረገ። «ለእሱ ግን ጮክ አልክ።»

እሑድ ያለ ጽዋ፣ ያለ ተረኛ ተኮራርፈን ተቀመጥን። ከቀትር በኋላ በሩ ተከፈተ። አዲሱ ጠባቂ ፊቱን አጨፍግጎ ትልቅ ድፎ ዳቦ ተሸክሟል፤ ፕላስቲኩ ከላዩ ተቀምጧል።

«ያ የተዛወረው ነው የላከው። ተራዬ ነው በላቸው ብሏል።»

ሊቀ መንበሩ ሸሚዛቸውን አንስተው ለበሱ፣ ቁልፎቹን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። በዚያ ሙቀት ሁላችንም ለበስን። ዳቦውን ባርከው የመጀመሪያውን ቁራሽ ለአዲሱ ጠባቂ ዘረጉለት።

«ከበላህ ግን ትረከባለህ።»

አሰበበት። ከዚያ በላ። በማግሥቱ ቀትር ላይ በሩን ገርበብ አደረገልን።

ከተፈታሁ ቆየሁ፤ ዛሬ እኔም በደብራችን የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። አንድ ሰው «እጄ ባዶ ነው» ሲለኝ፣ ጎረቤቶቹን ችግራቸውን ጠይቆ እንዲመጣ እልከዋለሁ። የዚያን የተዛወረ ጠባቂ ስም ሳልጠይቅ መቅረቴ ያሳዝነኛል። በየእሑዱ ግን፣ ከላይ ለተጠቀሰው ሰው ብርዱ ይቀንስለት ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ።