ረስቼ ያጎረስኳት ዕለት

ዳቦ በሥጋ ጮማ ላይ ተገልብጦ ሲጠበስ የሚወጣው ሽታ የትም ቢያገኘኝ እግሬ ይቆማል። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ በርገር ካልበላሁ ብሎ ወጥሮ ያዘኝና መስታወት በመስታወት የሆነ ቤት ገባን። በስልክ አዘዝን፣ በስልክ ከፈልን፣ ማን እንዳበሰለልን ሳናይ በላን። ምግቡ አይከፋም፣ ውሸት ምን ያደርግልኛል። ብቻ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው እኔ እዚያ አልነበርኩም። ቃሊቲ ነበርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እጄም ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።

ልንገርሽ እስቲ። ያኔ ሳሙና ፋብሪካ አሻጊ ነበርኩ። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ተሳቢ መኪኖች ተደርድረው ጭነት በሚጠብቁበት በኩል፣ ቀድሞ ጎሚስታ የነበረች የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ግድግዳዋ ላይ የጎማው ጥቁር ክብ ቀለም ተቀብቶበትም አልጠፋም። እሷን ተከራይቶ በርገር ቤት የከፈተው ሰውዬ ከተማ ውስጥ ትልቅ ሆቴል ለብዙ ዓመት የሠራ ነው። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ሰፊ የጋለ ብረት፣ አንድ የምታንኳኳ ማቀዝቀዣ፣ ሌላ ምንም የለውም። ግን ነጭ ጋዋኑን ተኩሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ የመኪናው አቧራ በበሩ እየገባ እሱ ጠረጴዛ ሲወለውል ብታዪው ሚኒስትር የሚጠብቅ ነበር የሚመስልሽ።

እኛን "እርስዎ" ይለን ነበር። ፋብሪካ ውስጥ አለቃችን "አንቺ ቀዮ"፣ "አንቺ ረጅሟ" እያለ የሚጣራብን ሴቶች ነን እኮ። መጀመሪያ የሄድን ቀን ጎንበስ ብሎ "ምን ልታዘዝ? ሽንኩርቱ ይብሰልልዎት ወይስ ጥሬውን ይሁን?" ሲለን ጓደኛዬ ማንን እንደሚያናግር ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ለሹፌሩም፣ ለረዳቱም፣ ማረሚያ ቤት ልጃቸውን ጠይቀው ለሚመለሱት እናቶችም ያው ነበር። ሌላ ቤት መጀመሪያ ከፍለሽ ቲኬትሽን ይዘሽ ትለማመጫለሽ፤ እሱ ጋ በልተሽ ስትጨርሺ ነው። "ሳይቀምሱ እንዴት ይከፍላሉ?" ይል ነበር። ከከፈልሽ በኋላም በር ድረስ ይሸኝሻል።

ሲሠራ ማየት ራሱ ምግብ ነበር። ሥጋውን ጠዋት ራሱ ይፈጫል፤ በእጁ ጠፍጥፎ ብረቱ ላይ ሲያሳርፈው ጭስስ ይላል፣ ከዚያ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። አይጫነውም፣ አይነካካውም። "ቢነካኩት ይከፋል" ይለናል፣ ስለ ሰው እንጂ ስለ ሥጋ የሚያወራ አይመስልም። አንድ ጉራ ብቻ ነበረችው፦ ሃያ ዓመት ሲያስተናግድ አንድ ብርጭቆ ደፍቶ አያውቅም። ይቺን ጉራ ያልሰማ ደንበኛ አልነበረም።

ጓደኛዬ ስልጤ ናት። አጎቷ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ትኖር ነበር። ሥራ ላይ ጎን ለጎን ነን፤ እሷ ሳሙናውን ትጠቀልላለች፣ እኔ ካርቶን ውስጥ እደረድራለሁ። ደሞዝ የተቀበልን ቀን በርገር ቤት እንሄዳለን፣ አንድ ወር እኔ እከፍላለሁ፣ አንድ ወር እሷ። እኔ በርገር፣ እሷ እንቁላል በዳቦና ችፕስ። ለምን እንደሆነ አገር ያውቃል። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ሠርግ ቢኖር ሁለት በሬ ይታረዳል፣ አለቀ። በዚህ አንቀያየምም፣ አንነጋገርበትምም።

ደስ የሚለን መቼ ነበር መሰለሽ? እኔ ስጾም። ሁዳዴ ሲገባ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ሽሮና ምስር ብቻ ስለሚሆን ሁለታችንም ከአንድ ሳህን እንበላለን፣ እንጎራረሳለን። ፋሲካ ሲቃረብ እሷ ፊቷ ይጠቁራል። "አንቺ እኮ ከቄሱ በላይ ጾም ትወጃለሽ" እያልኩ አሾፍባት ነበር።

የዚያን ዓመት ደሞዝ የገባው ፋሲካ ውሎ በሳምንቱ ነው። ሽፍት የሚቀየርበት ሰዓት ስለነበር በርገር ቤቱ ጢም ብሏል፤ አለቃችን ሳይቀር ከጓደኞቹ ጋር አጠገባችን ተቀምጧል። በርገሬ መጣልኝ። ስገምጠው ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። እሷ ስለ አጎቷ አዲስ ሚዛን እያወራች ታስቀኛለች፣ እኔ እስቃለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሳጎርሳት የከረመ እጄ ምን ያውቃል፣ ከበርገሩ ቆርሼ "በሞቴ" ብዬ አጎረስኳት።

አፏ ተዘጋ። አላኘከችም። ዓይኗ እኔ ላይ ቀረና እንባ ሞላው፤ ያኔ ነው ያደረግኩትን ያወቅኩት። በሞቴ የተባለ ጉርሻ ሰው ፊት ቢተፉት ያጎረሰውን ማዋረድ ነው። ቢውጡት ደግሞ ለእሷ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። "ትፊው" ልላት ፈለግኩ፣ አፌ እምቢ አለኝ። አንድ ቃል ብናገር አለቃችን ይሰማል፤ ነገ ፋብሪካው ሁሉ ያወራዋል፣ ከነገ ወዲያ አጎቷ ጆሮ ይደርሳል። እኔ ለራሴ አልነበረም የፈራሁት፤ እሷን እንዳላጣት ነው።

በዚያች ቅጽበት አንድ ትሪ ሙሉ ብርጭቆ መሬት ላይ ተከሰከሰ።

በርገር ሰሪው ነበር። ቤቱ ሁሉ ወደ ስብርባሪው ዞረ፣ ሹፌሮቹ አጨበጨቡ፣ አለቃችን "አረጁ ማለት ነው" አለው። እሱ "ይቅርታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" እያለ እኛ ጋ መጣ፤ ልብሷ የራሰ ይመስል አንድ እፍኝ ሶፍት ሰጣትና በጀርባው ከሰው ከለላት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ፊትዎን ይጥረጉ፣ ልጄ" አላት። ሶፍቱን አፏ ላይ አደረገች። ስታወርደው ከእጇ ተቀብሎ ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተውና የምትጉመጠመጥበት ውሃ ጓሮ በኩል አሳያት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን ሲለቅም፣ ሰው ሲስቅበት፣ ቀና ብሎ አላየንም።

አሁንም ድረስ አስተናጋጅ ሳይ እሱን ነው የምመዝንበት። ማን ይደርስበታል?

ጓደኛዬ ከጓሮ ስትመለስ "የዚህ ወር ተራ የኔ ነው" ብላ ቦርሳዋን ከፈተች። "ብርጭቆ ሰብሬብዎት እንዴት እቀበላለሁ?" አላት። ገንዘቡን ጨው ዕቃው ሥር አድርጋ ወጣች፤ ሳትጠብቀኝ።

ብትቆጣኝ በወደድኩ። አልተቆጣችም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ "አልራበኝም" ማለት ጀመረች፤ ሳሙናውን ስታቀብለኝ ጣቴን እንዳትነካ ትጠነቀቃለች። እኔም ይቅርታ ልላት ስል የሆነውን ደግሜ ማንሳት ይሆንብኝና እውጠዋለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ በርገር ቤቱ ሰው በሌለበት ሰዓት ሄጄ አለቀስኩ። ሰውዬው አላባበለኝም።

"የጓደኛዎ አጎት ሥጋ ከየት ነው የሚገዙት?" አለኝ።

"እኔ ምን አውቄ።"

"እንግዲያው ሄደው ይጠይቋቸው። መጥበሻም ቢላዋም አዲስ እገዛለሁ። ሥጋውን ግን እኔ ብገዛው አያምኑኝም፤ ልክም ናቸው።"

አጎቷ ቁጡ ናቸው ይባል ነበር። ሱቃቸው በር ላይ ሦስት ጊዜ አለፍኩ፣ በአራተኛው ገባሁ። ስኳር እየመዘኑ ነበር። ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስኳሩን ቋጥረው ለደንበኛው ሰጥተው እስኪጨርሱ አላዩኝም።

"ዋጠችው?" አሉኝ።

"አልዋጠችም፣ ጋሼ።"

"አንቺስ አውቀሽ ነው?"

"በማርያም፣ ረስቼ ነው።"

"የረሳን ሰው አላህም አይይዝበትም፣ እኔ ማነኝ" አሉ። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። "ነግራኛለች እኮ፣ ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው። እሷ ደግሞ ያንቺን ጉርሻ መለስኩባት ብላ ነው ተኝታ የማታድረው። ሁለታችሁም ቂሎች ናችሁ።"

እኔ ሰጠኋት ብዬ እሸሻለሁ፣ እሷ መለስኩባት ብላ ትሸሻለች። እንዲህም አለ።

የሚቀጥለው ደሞዝ ቀን አጎቷ እሷን ከፊት ከፊት እየነዱ፣ በፌስታል ሥጋ ይዘው መጡ። በርገር ሰሪው ከብረቱ ራቅ አድርጎ አዲስ ምድጃ፣ አዲስ መጥበሻ፣ አዲስ መክተፊያ አሰናድቶ ጠበቃቸው። "እርስዎ አረፍ ይበሉ" ሲላቸው "ግድ የለም፣ ቆሜ ልይ" አሉና እጃቸውን አጣጥፈው ከጎኑ ቆሙ። እሱም ሥጋውን ጥዶ እጁን አጣጠፈ። ሁለት ሽማግሌ መጥበሻ ሲጠብቁ ጓደኛዬ ድንገት አየችኝና ሳቋ አመለጣት። ከአንድ ወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

ሁለት በርገር መጣ፣ በሁለት ዓይነት ሳህን፣ የእሷ ዳር ዳሩ ሰማያዊ። ቢስሚላህ ብላ ገመጠች። አኘከች። ዋጠች። እኔ የራሴን ረስቼ እሷን ነው የማየው።

"ይሄን ነው ለካ እስከ ዛሬ ብቻሽን ስትበዪ የኖርሽው?" አለችኝ። "ሌባ።"

ሂሳብ ሲደርስ ሰውዬው ሥጋው የእናንተ ነው ብሎ ለዳቦና ለሽንኩርት ብቻ ጠየቀ። አጎቷ "እጅህስ?" ብለው ሙሉውን ከፈሉ፤ ተሟገቱ፣ በመሐላ ተያያዙ፣ በመጨረሻ አጎቷ አሸነፉ። ከዚያ ወዲያ ያ ምድጃ ለእሷ ብቻ አልቀረም። አጎቷ በየሳምንቱ ሥጋ ይልካሉ፣ የፋብሪካው ሙስሊም ልጆች፣ ሹፌሮቹም ይመጣሉ፤ ዳር ዳሩ ሰማያዊ የሆነ ሳህን በዝቶ አንድ መደርደሪያ ሞላ። እኔና እሷም ዓመት ከምናምን በየደሞዙ ትይዩ ተቀምጠን በላን። በሕይወቴ ከበላሁት ሁሉ የጣመኝ የዚያን ጊዜው ነው፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ዓረብ አገር ሄደች። ቤተሰቦቿ ቤት ሊሠሩ ነበር፣ የሳሙና ደሞዝ ደግሞ ቤት አይሠራም። ሰውዬውም ቆይቶ መንገዱ ሲሰፋ ቤቷ ፈረሰችበትና ወዴት እንደሄደ አላወቅኩም። ፈልጌ አመሰግነዋለሁ ስል ዓመታት አለፉ።

እሷ ከሄደች በኋላ የደወለችልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፋብሪካ ነበርኩ፣ ምሳ ዕቃዬን ልከፍት ስል። ድምጿ ይርቃል፣ ይመለሳል።

"እዚህ ሥጋው ሁሉ የኛ ነው" አለችኝ። "የትም ብገባ ሳልጠይቅ እበላለሁ።"

"ወፍረሻል በይኛ።"

"ማድ ቤት ቆሜ ነው የምበላው" አለች። "ብቻዬን።"

"አሁን አጠገብሽ ምን አለ?"

"ሩዝ።"

"ብዪ እንግዲያው። እኔም ከፍቻለሁ። ስልኩን እንዳትዘጊው።"

ማንኪያዋ ሳህኑን ሲነካ ይሰማኛል። እኔም አጎንብሼ በላሁ። ካርዷ እስኪያልቅ ድረስ አንዳችንም አላወራንም።