ሚስተር ማክጊንሊ ያልቆጠሩት ቤት

ጋሽ ብዙነህ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካርታ ነድፈዋል። ለንደን የመጡት ለስድስት ወር ሥልጠና ነበር፤ የሥራ ጓደኞቻቸው መታሰራቸውን ሲሰሙ እዚሁ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው የትምህርት ቤት ኮሪደር መጥረግ ሆነ። እኔ ያወቅኋቸው በፈረንጆቹ 1993 ነው። ኪልበርን በሚባል የለንደን ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተን፣ እሳቸው መሐል ፎቅ፣ እኔ ከእሳቸው በላይ እንኖር ነበር። ከመጠን በላይ ዝምተኛ ሰው ነበሩ።

ምድር ቤት ሚስተር ማክጊንሊ የሚባሉ አይሪሽ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የለንደንን መንገድ ሲቆፍሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ግዙፍ ሰው። ሁለቱ በር ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ከመለዋወጥ ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ብዙነህ ከገበያ ሲገቡ፣ ሽማግሌው ደብዳቤ ይዘው ቆመው አገኟቸው። መነጽራቸው ስለተሰበረ እንዲያነቡላቸው ለመኗቸው። ደብዳቤው የመጣው አየርላንድ፣ ዶኒጎል በሚባለው ክፍለ ሀገር ተራራ ላይ ካለችው የትውልድ መንደራቸው ከግሌናርድ ነው። የመንደሩ ትምህርት ቤት ልጅ ጠፍቶ ተዘግቷል፤ ቤቱን የመንደሩ ቅርስ ማኖሪያ ልናደርገው ነውና፣ በውጭ ያላችሁ ልጆቻችን ፎቶም ሆነ አሮጌ ዕቃ ካላችሁ ላኩልን ይላል።

"ምን አለኝና እልካለሁ?" አሉ ሚስተር ማክጊንሊ። "በአሥራ ስምንት ዓመቴ በአንድ ሻንጣ ነው የወጣሁት። እሱም የለም።"

"መንደሩን ግን ያስታውሱታል?"

"ዓይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ። አሥራ አራት ቤት ነበር።"

ጋሽ ብዙነህ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጡት። "እስቲ፣ የመጀመሪያው ቤት በሩ ወዴት ነው የሚያየው?"

ያን የብርድ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ምድር ቤት ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ወረቀት ተዘርግቶ ይውል ነበር። እኔም ዳቦ ይዤ ወርጄ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ጋሽ ብዙነህ እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"ከቤት እስከ ምንጩ ስንት እርምጃ ነው?"

"ምን አውቄ? ልጅ ነበርኩ።"

"ባልዲው ሞልቶ ሲመለሱ ስንት ጊዜ ያርፉ ነበር?"

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። "ሁለቴ። ሁለተኛው እረፍት ረጅም ነበር።"

"እንግዲያው ዳገት ነው" ብለው የከፍታ መስመሮቹን አቀራረቧቸው።

ከረግረጉ እየተቆረጠ ለማገዶ የሚደርቀው አፈር፣ ቁርጥማት ያለበት ሰው ተንፏቆ ገብቶ በእንፋሎት የሚታጠንባት የድንጋይ ጎጆ፣ ኮረዶች በበጋ ላም ይዘው የሚከርሙበት የተራራ ዳስ፣ እያንዳንዱ ማሳ ከነስሙ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ካቶሊኮች እንዳይቀድሱ በተከለከሉበት ዘመን ቄሱ ተደብቀው የቀደሱበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲደርሱ፣ ጋሽ ብዙነህ ብዕራቸውን አስቀምጠው አማተቡ።

"የራስዎንስ መንደር ለምን አይነድፉም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"እኔ በአምስት ዓመቴ ነው አጎቴ ዘንድ የተላክሁት። የማስታውሰው አንድ የአጋም አጥር ብቻ ነው። ከአንድ አጥር ካርታ አይወጣም" ብለው ሳቁ።

የካቲት ላይ ችግር መጣ።

"ይቺ መንገድ ምንጩን አልፋ ወዴት ትሄዳለች?" አሉ ጋሽ ብዙነህ።

"የትም።"

"የትም የማትሄድ መንገድ ሰው አይረግጣትም፣ ሚስተር ማክጊንሊ።"

ሽማግሌው እንደምንም ተነሱና "ለዛሬ ይበቃል" ብለው በሩን ከፈቱልን። ሦስት ቅዳሜ ብናንኳኳም አልከፈቱልንም። በአራተኛው፣ ለዓመታት ያልወጡትን ደረጃ እያለከለኩ ወጥተው ጋሽ ብዙነህ ክፍል ገቡ።

"አሥራ አምስት ነው" አሉ። "መንገዷ የወንድሜ የሂዩ ቤት ነው የምትሄደው።"

አባታቸው የተቀበሩ ዕለት፣ ከእናታቸው ጋር ማን ይቅር በሚል ከሂዩ ጋር ተጣልተው ነው የወጡት። አንድ ደብዳቤ እንኳ ሳይጽፉ አርባ ሰባት ዓመት ሆነ። እናታቸው ሲሞቱም አልሄዱም።

ጋሽ ብዙነህ ብዕሩን አነሱ። "በሩ ወዴት ነው የሚያየው?"

"ወደ እኛ ቤት።"

ካርታው ለፋሲካ ተላከ። መልሱ ግንቦት ላይ መጣ፤ ከራሳቸው ከሂዩ፣ ወንድማቸውን በስማቸው ጠርተው። "ፓዲ፣ ምንጩን በግራ አድርጋችሁታል፤ በቀኝ ነው። መጥተህ እይ" ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

ነሐሴ ላይ ሚስተር ማክጊንሊና ጋሽ ብዙነህ በአውቶቡስና በመርከብ ሄዱ። ከአሥራ አምስቱ ቤት የሚጨሰው አምስት ብቻ ነበር፤ ሌላው ጣሪያው ወድቆ፣ ማሳው ጥድ ተተክሎበታል። ምንጩ በቀኝ ነበር፤ ጋሽ ብዙነህ ቀለማቸውን ይዘው ስለሄዱ እዚያው አረሙት። የእንፋሎቷን ጎጆ ግን ካርታው ካላት ቦታ አግኝተው፣ ተንፏቀው ገብተው ተቀመጡባት። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አሮጊቶች ጣታቸውን ካርታው ላይ አድርገው በማሳ ስም ይከራከሩ ነበር።

ሂዩ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ወንድማማቾቹ ተጨባበጡና ሁለቱም ወደ ሜዳው ዞሩ።

"ድርቆሹ ገና አልገባም" አሉ ሂዩ።

"እናስገባዋ" አሉ ሚስተር ማክጊንሊ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሦስቱም ድርቆሽ ሲሸከሙ ዋሉ።

ጋሽ ብዙነህ የተመለሱት ብቻቸውን ነው። ሚስተር ማክጊንሊ እዚያው ቀርተው፣ ከወንድማቸው ጋር ሦስት ዓመት ኖረው አረፉ። ምድር ቤቱን አንድ የፖርቱጋል ቤተሰብ ተከራየው። ጋሽ ብዙነህ ኮሪደር መጥረጋቸውን ቀጠሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እኔ ጋ እየወጡ ይጫወቱ ጀመር። ስለ በጋው ዳስ፣ ስለ ረግረጉ ማገዶ ሲያወሩ አንዳንዴ "እኛ ዘንድ" ይላሉ። ግሌናርድን ማለታቸው ነው። እኔም አላርማቸውም ነበር።